በስልክ የተጠራ ደቦ

ይድረስ ለወንድሜ ለኤላዲዮ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? ግላዲስስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ፑንታ አሬናስ ላይ ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ስለ ደረትህ አስቤ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፣ ይህ ደህና ከተባለ። ሰላምታውን ለጊዜው እዚህ ላይ ልግታው፤ ተናድጃለሁና ንዴቴን ካላወጣሁት ያንቀኛል።

የፋሲካው ማዕበል የሰሜኑን ግድግዳ እንደገሸለጠው ነግሬሃለሁ። አባዬ ከአሌርሴ ግንድ እየሰነጠቀ፣ ጫፋቸውን እያድቦለቦለ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርቦ የመታቸው ትናንሽ ጣውላዎች ገሚሶቹ ተሰነጠቁ፤ ገሚሶቹን ከባሕሩ ዳር ለቀምኳቸው። እዚህ ዝናብ ከሰሜን እንደሚመጣ ላንተ አይነገርም። የተራቆተው ደግሞ የእማዬ መኝታ ክፍል ነው።

ታዲያ አንተ ምን አደረግህ? በመንደሩ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ «ቅዳሜ እናቴ ቤት ደቦ አለ፣ ሁላችሁም ኑ» ብለህ ጻፍህ፤ የመዶሻ ሥዕልም ጨመርህበት። የመዶሻ ሥዕል! ለመሆኑ አንተ እዚህ አልተወለድክም? ደቦ የሚፈልግ ሰው በየደጁ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቆሞ እንደሚለምን ማን ይንገርህ? አባዬ እንኳን፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ይህችን ቤት ሊሠራ ሲነሣ አንድም ደጅ ሳይዘል ለምኗል።

እማዬ ግን አመነችህ። «ልጄ ጠርቷቸዋል፣ ይመጣሉ» ብላ አሳማዋን አሳረደች፣ ድንች ፍቃ የሚልካኦ ቂጣ ጋገረች፣ የፖም ጠላውን ከጓዳ አስወጣች። እኔም ከፈረሰው ጎተራ የነቀልኩትን ደህና ደህናውን ጣውላ በአጥሩ ሥር ደረደርኩ። እሷ የክት ሻሏን ደርባ በሩ ላይ ቆመች። ቀትር አለፈ፣ ሥጋው ሞራ ለበሰ። የመጣው የጎረቤታችን የዶን ባልዶሜሮ ውሻ ብቻ ነው። እማዬ ለውሻው አንድ ሙዳ ሰጥታው ገባች። ያን ሰዓት አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በእውነተኛው መዶሻ ነበር የምልህ።

በማግስቱ ቦቲዬን አጥልቄ ወጣሁ። ገና ከዶኛ ኢሶሊና ደጅ ሳልደርስ «ምነው በእግርሽ? ስልክሽ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። ዶን ባልዶሜሮም «የወንድምሽን መዶሻ አየናት እኮ፣ ታምራለች። እሷው ትሥራላችሁ እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። እውነታቸውን ነው። ጆሮዬ እየጋለ፣ ቆሜ ለመንኩ። ያኔ ፊቱ ተፈታ። «ለእናትሽማ እንዴት እንቢ እንላለን? ግን እኛ እኮ ጎረቤት ነን፣ ታክሲ አይደለንም» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም መጡ። የራሳቸውን አሮጌ ጣውላ ተሸክመው የመጡም አሉ። ከታች ጀምረው፣ እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ምስማር እንዲሸፍን እያደረጉ ወደ ላይ ወጡ። ቀኑን ሙሉ ሳቅ ነበር፤ የሚሳቀውም ባንተ ነው፣ ልብህ ይወቀው። ከጣሪያው ሥር አንድ ረድፍ ብቻ ሲቀር እማዬ ወጣችና «በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄኛው የልጄ ነው። ደቦውን የጠራው እሱ ነው፤ መጥቶ ይምታው» አለች። ሁላችንም ለመንናት። ዶን ባልዶሜሮ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «ኧረ ዶኛ ክሌሜንቲና፣ ዝናቡ ደረሰ፣ ልጨርሰው» ቢላት «ውረድ» አለችው። ወረደ።

ክፍተቱን በጆንያ ሸፍኜዋለሁ። አልጋሽን ወደ እኔ ክፍል ላዛውረው ብላት አሻፈረኝ አለች። ትናንት የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ትራሷ አጠገብ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣ፣ ሽበቷ ረጥቦ አገኘኋት። «እስኪመጣ ድረስ ነው» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናናኝ። ወጥቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ግላዲስን አጥብቀህ ሳምልኝ። ኔልሰንን ሰላም በልልኝ፤ ለትንሿ ማካሬና እማዬ ካልሲ እየሠራችላት ነው። ዶን ባልዶሜሮም ሰላም ብሎሃል፤ መሰላሉን አልወሰደውም፣ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። አንተን ግን የምስምህ ከዚያ መሰላል ስትወርድ ነው።

እህትህ ዶሪላ
ደቲፍ፣ ሌሙይ ደሴት
ሰኔ 12 ቀን