ለግራ እግሬ የሚሆን ስኪ

ቅዳሜ፣ ጃን. 11፣ አመሻሽ

ከኮረብታው ተመለስን። ጓደኛዬ ዶና ነዳች፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ። ግራ እግሬ ዛሬም ከዳኝ። ወደ አናቱ የሚያወጣን ሊፍት ላይ ተቀምጬ ስንጠለጠል፣ በረዶ ላይ የምንሸራተትበት ስኪ ቁልቁል ይጎትተኛል። ከባድ ነው፣ ውስጡ ብረት አለው። በደህናው ጊዜ የገዛሁት። አሁን ልዙር ስል ቀኙ ወዲያው ይሰማኛል፣ ግራው ዘግይቶ ይመጣል።

ደብተሬ፣ ካንተ አልደብቅም። ድካም አይደለም። ኤም ኤስ ነው፤ ነርቭ የሚበላ በሽታ። የነርቭ ሐኪሙ ፎል ላይ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ነገረኝ። ቤት ራስሽን የምትወጊው መርፌ ጀምሪ አለኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እስካሁን እያሰብኩ ነው። የምታውቁት አንተና ዶና ብቻ። ለእማዬ ጅማቴ ዞረ ብያታለሁ።

ቀላል ስኪ እገዛለሁ። ችግሩ ክብደቱ ነው። ክብደቱ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጃን. 14፣ ከሥራ መልስ

ዶና ዘገየች። የኤግሊንተን ዌስት መንገድ ቤቷ በር ድረስ ተቆፍሯል። ላብራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ስንሠራ ስንት ዓመታችን፤ ስኪ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ጃማይካዊትና ሐበሻ በረዶ ላይ! ድሮ በዚህ እንስቅ ነበር።

ሱቅ ገባን። ሻጯ ሽበታም፣ ቁጥብ ሴትዮ። ሁለት የሴት ስኪ አወረደችልኝ፣ ሁለቱም ኦል ማውንቴን፤ ለለስላሳውም ለደረቁም በረዶ የሚሆኑ። አንደኛውን ሳነሳው ሳቄ መጣ። ባዶ ካርቶን! ሴትዮዋ አልሳቀችም። የእኛ ኮረብታ በረዶ ቀልጦ መልሶ የጠጠረ ነው አለች፤ እዚያ ላይ ይሄን ያህል የቀለለ ይንቀጠቀጣል፣ ጠንካራ እግር ይፈልጋል። ሁለተኛው ትንሽ ከበድ፣ አጠር ያለ፣ ለመዞር የማያስቸግር። እጄን እንኳ አላሳረፍኩበትም።

ከዚያ ማሰሪያው፤ ጫማውን ከስኪው የሚያያይዘው፣ ስትወድቂ የሚፈታልሽ። ለማስተካከል ትጠይቃለች። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ችሎታ። ፈጣን ነኝ አልኳት። እግርሽ ላይ ሕመም አለ? አለችኝ። የለም አልኳት። ዶና ቀና ብላ አየችኝ።

ሻጯ ቀላሉን ለሙከራ ሰጠችኝ።  መኪና ውስጥ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ስንደርስ ዶና ፈነዳች። ለእናትሽ ዋሺ አለችኝ፤ ማሰሪያው ግን የነገርሽውን ነው የሚያምነው።



ቅዳሜ፣ ጃን. 18

ሶፋ ላይ። ጉልበቴ እንደ ዳቦ አብጧል።

የመጀመሪያው ቁልቁለት… በረርኩ! ግራዬ ሰማኝ። ሊፍቱም ላይ ምንም አልጎተተኝም። ዶናን ከታች ሳገኛት ጮህኩ፣ አቀፍኳት። ዳንኩ ብዬ ነበር፤ እውነት፣ ለዚያች ደቂቃ ዳንኩ ብዬ ነበር።

ሁለተኛው። ከዛፎቹ ጥላ ሥር በረዶው መስተዋት። ስኪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግራ እግሬን ጫን አልኩት። አልመጣም። ወደቅኩ። ማሰሪያው አልተፈታም፤ እንዳልኩት ለፈጣን ሰው ጠብቋል። ጉልበቴ ሲዞር ተሰማኝ። በተጎታች ቃሬዛ አወረዱኝ። ሰማይ ብቻ ይታየኛል፣ ግራጫ።

ድንገተኛ ክፍል። ጅማቱ ተጎድቷል፣ አልተበጠሰም። ዶና እማዬን ኮል አድርጋ አስመጣቻት። ነርሷ ሌላ በሽታ እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። እማዬ አጠገቤ ቆማለች። ለነርሷ ከመመለሴ በፊት ወደ እማዬ ዞሬ በአማርኛ ነገርኳት።

«መቼ አወቅሽ?»

«ፎል ላይ።»

«አንድ ቤት ውስጥ ነን እኮ፣ ልጄ።»

 እስክንወጣ ካፖርቴን ታቅፋ ቆመች።

እሑድ፣ ጃን. 19፣ ጥምቀት

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል ይዛ መጣች። ልትረጨኝ ነው ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ስኪውን ተይው ብትለኝ የምመልሰውን አጥንቼ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ መርፌው። ለምን አልጀመርሽም?

«ከጀመርኩ ታምሜያለሁ ማለት ነው።»

«ካልጀመርሽስ? ጤነኛ ነሽ?»

ተናደድኩ። ጮህኩባት፤ በጥምቀት! ከዚያ አለቀስኩ። መርፌው የሄደውን እንደማይመልስ፣ ምናልባት የሚመጣውን እንደሚያዘገይ፣ ለዚያም ዋስትና እንደሌለው ነገርኳት። ሁሉንም ሰማች። ወጡን ልታሞቅ ተነሳች። ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ቅዳሜ፣ ጃን. 25፣ ረፋድ

ዶና ስኪውን ሱቅ ወስዳ መለሰችልኝ። ከዚያው ኮል አድርጋ ሻጯን አገናኘችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ከፈራሁት ያጠረ ነገር ነበር።  ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፦ ዘንድሮ ምንም አልሸጥልሽም። ጉልበትሽ ይዳን፣ ሐኪምሽ ይፍቀድ። ያኔ አጭሩን እንሞክራለን፣ ማሰሪያውን አላልተን፣ ለደካማው እግርሽ ለክተን።

ከፈቀደ ነው። የከርሞ በረዶ ሲወርድ እግሬ ምን ላይ እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። አጭሩ ይሁን አልኳት። ለእኔ የሚሆነው እሱ ነው፤ ከቀናኝ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት እደውላለሁ። መርፌውን እጀምራለሁ። እማዬ አወጋጉን አብሬሽ ካልተማርኩ ብላለች።   ከየት እንጀምር አለችኝ።

ከግራ ጭኔ አልኳት።