ሃያ አራተኛው ካሴት

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሃያ ሁለት። ዛሬም ቆጠርኳቸው፣ ያው ሃያ ሁለት ናቸው። መቁጠር እንደማያበዛቸው አውቃለሁ፣ ግን ሌላ ሥራ የለኝም።

የጎደሉት፦ 9 ቁጥር (እንቁራሪቱ) እና 24 ቁጥር (መርከቡ)።

ቅዳሜ የወጣቶች ማዕከሉ ኮሚቴ ሊያይ ይመጣል። ማዕከሉ ውስጥ ክፍል የሚሰጡኝ ስብስቡ ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው። "ሙሉ" የሚለውን ቃል ደግሞ ማንም አላስጻፈኝም። ፕሮፖዛሉ ላይ "የፍኖተ ሰላም የመጀመሪያው የቲቪ ጌም ቤት ሙሉ ሃያ አራት ካሴቶች፣ ከነማጫወቻው" ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። አዲስ ተመራቂ ሁሉ የሚይዘው በሽታ ነው፣ ያየውን ሁሉ ያሰምርበታል። አሁን ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እስካሁን የሠራሁት የጎረቤት ስልክ ማስተካከል ነው። ክፍሉ ከተሰጠኝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጌሙን አስጎበኛለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ካልተሰጠኝ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ማሰብም አልፈልግም።

ጌም ቤቱ የእናቴ ወንድም የጋሼ ምናለ ነበር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሩ ላይ ተቀምጬ ተራ አስጠብቅ ነበር። የካሴቶቹን ቁጥር በእናቴ ቀይ የጥፍር ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የንስሐ አባታቸው አባ ኪሮስ "ልጆቹ ፊደል ትተው አንተ ቤት ናቸው" አሉና ቤቱ ተዘጋ። ቀኖናውም እንዲህ ነበር፦ ካሴቶቹን አትሽጥ፣ ለአንድ ሰው አንድ እየሰጠህ በትን። ጋሼ በተኑ። የተቀባዮቹን ስም በደብተር ጽፈው ለአባ አሳዩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

አሁን ደብተሩ እኔ ጋ ነው። በእሱ እየተመራሁ ነው ከየሰዉ ቤት የለቀምኳቸው። ሳልጠይቅም አልቀረሁ፣ በሰኔ አባ ኪሮስ ዘንድ ሄጄ ነበር። "ቀኖናው የእሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም" ብለውኛል።

ነገ ቡሬ እሄዳለሁ። ጋሼ ምሳ ላይ ሲሰሙ እጃቸውን ከትሪው መለሱ።
"ሃያ ሁለት ምን አነሰው?"
"ሙሉ ብያለሁ፣ ጋሼ።"
"መንገዱ ደግሞ እንዲህ ሆኖ።"
መንገዱስ እውነት ነው። ዛሬ ክፍት ነው ይባላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ቡሬ ደረስኩ። ሦስት ቦታ ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ የያዝኩትን ላጲስና የአረቄ ብልቃጥ አይቶ "ተማሪ ነሽ ወይስ ጠጪ?" አለኝ። የካሴት የመዳብ ጥርስ ማጽጃ ነው ብዬ ባስረዳው ይበልጥ ተጠራጠረ።

9 ቁጥር ያለው የጋሼ የክርስትና ልጅ እትዬ ሙሉነሽ ጋ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ካሴቱ የት ተገኘ? ከስፌት መኪናዋ እግር ሥር። መሬቱ ስለማይስተካከል አሥራ አንድ ዓመት አስደግፋበታለች።
"ውሰጂው፣ ግን መኪናዬን ማን ይይዝልኝ?"
ግማሽ ቀን ሙሉ እንጨት ስጠርብ ዋልኩ። የመጀመሪያው አጠረ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ልክ መጣ። እትዬ ሙሉነሽ አንድ ቀሚስ እስከ ጫፉ ሰፍታ ካየች በኋላ ነው ካሴቱን ያስረከበችኝ። ጠንቃቃ ሰው።

መዳቡን በላጲስ ፈተግኩ፣ በአረቄ ጠረግኩ፣ አበራ። ሃያ ሦስት።

ጣቴ ተልጧል። እዚሁ አድራለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

ደብተሩ ላይ ከ24 ፊት ለፊት "ዓለሙ" ይላል። አያ ዓለሙ ጌም ቤቱ ሲከፈት ጄኔሬተሩን በጫንቃቸው ያመጡ የጋሼ ወዳጅ ናቸው፣ ከቡሬ ወዲያ ገጠር የሚያርሱ። ስማቸው ግን 6 ላይም አለ። 6ን በነሐሴ ልጃቸው አምጥቶልኛል። ሁለተኛውን ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት። ባጃጅ እስከ ወንዙ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር።

ጤፍ አጨዳ ላይ አገኘኋቸው። ሚስታቸው አይታኝ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሁለቱም ሳቁ። "ምን አሉ?" ብላቸው "በዚህ ጫማ ከፍኖተ ሰላም? ነው ያለችው" አሉኝ። ጫማዬ ላይ መሳቅ ይገባል።

"አያ ዓለሙ፣ ደብተሩ ሁለት ካሴት ወስደዋል ይላል።"
"እኔ? አንድ ነው የወሰድሁ።"
"እዚህ ጋ፣ 24 ላይ ስምዎ አለ።"
ደብተሩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ማንበብ ይችላሉ። አጥፈው መለሱልኝ።
"ያን ቀን ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። ጠላችንን ጠጥተን፣ በየስማችን እየተጠራን ተቀብለን ወጣን። መጨረሻ የወጣሁ እኔ ነኝ።"
"ታዲያ ይሄኛውን ማን ወሰደው?"
ማጭዳቸውን አነሡ። አንድ ክንድ ያህል አጨዱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፦
"በሬ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የራሱን በረት ያያል። ሌላ አልጨምርም። ምናለ ወንድሜ ነው።"

ሲሸኙኝ የገብስ ቆሎ በወረቀት ቋጥረው ሰጡኝ። መንገድ ላይ ሳልነካው እስከ ወንዙ ደረስኩ። ቡሬ ስገባ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርክ የለም። እትዬ ሙሉነሽ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመልሳ "ነገ ይከፈታል አሉ" አለች። ማን እንዳለ አልጠየቅኳትም።

ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ የማውቀውን አሰባሰብኩ፦

መርከቡን ከጋሼ በቀር የሚጫወት አልነበረም። ልጆቹ "የሽማግሌ ጌም" ይሉት ነበር፣ አይተኮስበትም፣ አይሮጥበትም። መርከቧ በወንዙ ሽቅብ ትሄዳለች፣ ድንጋይ ታልፋለች፣ በቃ።

ጌሙ የደረሱበትን አያስቀምጥም። ስለዚህ ጋሼ ቤቱን ሲዘጉ ማጫወቻውን ሳያጠፉ "አትንኩ" የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ይሄዱ ነበር። ጠዋት ከቆሙበት ይቀጥላሉ። መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ከታች።

ጨርሰውት አያውቁም።

ሰኞ ምሳ ላይ የጠየቁኝ "ሃያ ሁለት ምን አነሰው?" ነው። 9ን ግን እንዳላመጣ አልከለከሉኝም።

ስለዚህ። ስለዚህ 24 ከጋሼ እጅ አልወጣም፣ ለንስሐ አባታቸው የታየው ደብተርም ሐሰት ነው። ጋሼ ይህን እያወቁ እኔ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ፣ የሌለ ነገር ፍለጋ ሄድኩ። ንዴቱ ይሻላል፣ ከንዴቱ ሥር ያለው ነው የሚያደክመኝ። ካወጣሁባቸው በዚህ ዕድሜያቸው አዋርዳቸዋለሁ። ካላወጣሁ ክፍሉ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እስከ ማንኩሳ በእግር። ከማንኩሳ በሚኒባስ፣ የአንዲት ሴትዮ ዶሮ እግሬ ላይ ተኝታ። ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬን አይታ ምንም ሳትናገር ውኃ አሞቀች።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋቢ ለብሰው ደጅ ተቀምጠዋል።
"ዓለሙን አገኘሽው?"
"አገኘኋቸው።"
"ደኅና ነው?"
"ደኅና ናቸው። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን አሉኝ።"
ጋቢያቸውን ሳቡ። የትኛው ልጅ ነው አጎቱን "ዋሽተዋል" የሚለው? ተነሥቼ ስወጣ ከኋላዬ፦
"ጠፍቷል በያቸው። ለሰዎቹ። የጠፋ ነገር ያለ ነው።"

ወደ ጓደኛዬ ዮርዳኖስ ሄድኩ። ወንድሟ የጣለው የማይሠራ ካሴት አላት። "24 ብለሽ ጻፊበት። ኮሚቴ ሻይ እስኪመጣለት ነው የሚያየው፣ ማን ያጫውተዋል?" አለችኝ። ትክክል ናት። የእናቴን የጥፍር ቀለም ለመንኩ። ያው ቀይ ባይሆንም ቀይ ነው። ጻፍኩ።

ሃያ አራት። ደስታው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በሁለት ሰዓት ማዕከሉ ውስጥ ካሴቶቹን በተራ ደረደርኩ። ኮሚቴው በሦስት ሰዓት ነበር የሚመጣው። ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ። ዮርዳኖስ ሻዩን ሁለት ጊዜ አሞቀችው።

አራት ተኩል ላይ ጋሼ ምናለ ገቡ። ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፣ ነጠላቸው እንደተመሳቀለ ነው። ሰላም አላሉንም። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ከአንድ ጀምረው በጣታቸው እየነኩ አለፉ። ታንኩ፣ ሞተሩ፣ ዳክዬው። እያንዳንዱን በስሙ። መጨረሻው ላይ ቆሙ። አነሡት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።
"ቀለሙ ገና ይሸታል።"
ዮርዳኖስ ሻይ ላሙቅ ብላ ወጣች። የሞቀ ሻይ።
"ጋሼ..."
"ተዪ። እኔም አንድ ቀን እንዲህ አድርጌ ቁጥር አሟልቻለሁ። ስም ነው የቀባሁ። ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር።" ተቀመጡ። "አሥራ አንድ ዓመት በጾም መግቢያ አባ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ሌላ ሌላውን እነግራቸዋለሁ፣ ያንን ይዤው እመለሳለሁ። ነገ ጾም ይገባል። አንቺ ደግሞ በዚያ እግር ከቡሬ መጣሽ።"
"ለአባ ነገሯቸው?"
"ነገርኳቸው።"
"ምን አሉ?"
"'አጫወትከው ወይ?' አሉኝ። አንድ ቀን አላጫወትኩም አልኳቸው፣ እውነት ነው። 'ታዲያ ምን አደረግህበት?' አሉኝ።" እዚህ ላይ ትንሽ ሳቅ አሉ። "ምን ልበላቸው? አስቀመጥኩት።"

ከነጠላቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። 24። የእኔው የልጅነት ጽሑፍ፣ 4ቷ የተጋደመች።

ከዚያ "አባ ደብተሩን አስተካክልና አምጣ ብለዋል" አሉ። ሰጠኋቸው። እስክሪብቶዬን ተቀብለው "ዓለሙ" የሚለውን ሰረዙ። ከጎኑ "ምናለ" ብለው ጻፉ፣ ቀስ ብለው፣ ልክ ደመወዝ እንደሚፈርም ሰው። "ዓለሙም ይቅር ይበለኝ። ስሙን ሳላስፈቅደው ነው የተበደርኩ።"

ኮሚቴው አልመጣም። ስድስት ሰዓት ላይ ጥበቃው መጥቶ ሰብሳቢው ከመንገድ መዘጋት የተነሣ ጅጋ ቀርተዋል አለን።

የውሸቱን ካሴት ለዮርዳኖስ መለስኩላት። ቀለሙን ስፍቅ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀረ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። እግሬ ያብጣል ብዬ ነበር፣ ቀሏል።

አመሻሽ ላይ ከእናቴ ጋር ጋሼ ቤት ሄጄ ማጫወቻውን ተከልኩ። ላጲስ፣ አረቄ። አረቄውን በጾም ስከፍት እናቴ ገላመጠችኝ። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ፣ በአራተኛው ወንዙ መጣ። ሰማያዊ፣ እንደ ድሮው የተጨማለቀ።

ጋሼ ጆይስቲኩን አልነኩም። አባ ትናንት "እጅህ እንዳይነካው" ብለዋቸዋል። ስለ አፍ ግን አልተናገሩም። ስለዚህ ከኋላዬ ተቀመጡ፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተው።
"ቀኝ። ቀኝ አልኩሽ። ድንጋዩን አትፍሪው፣ ራሱ ይሄዳል። ቆይ። አሁን።"
"ጋሼ፣ ይህ ከመጫወት በምን ይለያል?"
"እኔ መንገድ ነው የማሳይሽ። ግራ።"

ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። እሳቸው ደርሰው የማያውቁበት ቦታ ስንደርስ ድምፃቸው ጠፋ። ዞሬ አየኋቸው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከፊት ሰፊ ውኃ ታየ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዛፍ ያለ ነገር።

መብራት ሄደ።

እናቴ ከጓዳ "ሄደ?" አለች።
"ሄደ" አሉ ጋሼ። ከዚያ ለእኔ፦ "ዛፍ ነበር?"
"ዛፍ ይመስለኛል።"
"እኔም ዛፍ ነው ያልኩ።"

የስልክ ኔትወርክ ግን መጥቷል። ከማዕከሉ መልእክት ገባልኝ፦ ኮሚቴው ማክሰኞ ይመጣል፣ መንገድ ከተከፈተ። መንገድ ከተከፈተ። ክፍሉን ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም። እኔ ግን ማንም ሳያየኝ በጨለማው በዳበሳ ቆጠርኳቸው፣ ሃያ አራት ናቸው። ጋሼ መብራት ሲመጣ ከታች እንጀምራለን ብለዋል። ማጫወቻው ላይ "አትንኩ" የሚል ወረቀት መለጠፍ አላስፈለገም።