የአራተኛዋ አውሮፕላን ክንፍ

ውድ ተስፍሽ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና በራሴ ሳቅኩ። እኔ ግን ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ለሙት ዓመትህ ሽር ጉድ እያልኩ ነው። የምጽፍልህ ግን ላለቅስብህ አይደለም። ልኮራብህ ነው፤ ትንሽ ደግሞ በራሴ።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ውሸት ነው። ጓሮ ያለው መሥሪያ ጠረጴዛህ ላይ አሁን የስፌት መኪናዬ ተቀምጣለች፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለዓይኔ ተስማምቶኛል። አትቆጣ። ልብስህን ከአርባህ በኋላ ለችግረኛ ሰጠን። ያን ጊዜ ወንድምህ ከሁሩታ መጥቶ፣ በእጅህ የሠራሃቸውን ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች ለልጆቹ አንዳንድ እናድላቸው ቢለኝ፣ በመቃብሬ ላይ አልኩት። እንዴት ይበተናሉ? የአንድ ሰው ዕድሜ እኮ ናቸው! ታደንቀው የነበረው ያ ዝነኛ አብራሪ በረራ የተማረባት ባለ ፕሮፔለሯ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ጀቱ፣ ከዚያ በጦርነቱ ስሙን ያስጠራችው ተዋጊዋ። ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ አንተ ከኔ ስም ይልቅ የሱን ታዘወትር ነበር።

አራተኛዋን ግን ሳትጨርሳት ሄድክ። አብራሪው ከጦሩ ከወጣ በኋላ በወንጂ ሸንኮራ አገዳ ላይ መድኃኒት የረጨባትን፣ ባለ ድርብ ክንፏን። አንተ ከስኳር ፋብሪካው ብየዳ ክፍል ወጥተህ ስታያት አብራሪው እጁን አውለበለበልኝ ብለህ ስትምል ስንቴ ሰማሁህ! በዚያ ፍጥነት አንተን ከአገዳው ለይቶ እንዴት እንዳየህ እግዜር ይወቅ።

ክረምት ላይ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ መጥታ አየቻቸውና፣ በወላጆች ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንስቀላቸው አለች። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን፣ ሦስቱ ይበቃሉ፣ መድኃኒት ረጪዋ አላለቀችም፣ ደግሞ እንደ ተዋጊዋ አታምርም አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ያን ሁሉ ዝና አትርፎ ሲያበቃ አገዳ ላይ ለመርጨት የተነሳባትን ትተን ስለ እሱ ምኑን እናወራለን? ይህን ከአንተ ነው የሰማሁት። ወይ አራቱም ይሰቀላሉ፣ ወይ አንዷም ከዚህ ቤት አትወጣም ብዬ ድርቅ አልኩ። እስከ ወላጆች ቀን ካለቀች እሺ አለችኝ።

እሷ ስትሄድ ፍርሃት ያዘኝ። የላይኛውን ክንፍ አጥንት ከስንጥቅ ሸንበቆ ሠርተህ ጨርሰኸዋል፤ ልባሱ ነው የቀረው። የእውነተኛዋም ክንፍ ጨርቅ የለበሰ ነው፣ ይኼ ያንቺ ድርሻ ነው ስትለኝ ነበር፣ በሽታው ቀደመን እንጂ። በአቡጀዲ ሞከርኩት። ኮላው ሲደርቅ ጨርቁ አጥንቱን ሳበውና ክንፉ ተጣመመ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም፤ እጅህ የነካውን የመጨረሻ ነገር አበላሸሁብህ ብዬ። ጎረቤታችን ጫልቱ ጀባዱ፣ በርቺ እያለች ከጎኔ አልጠፋችም። ቀስ ብዬ ተረተርኩትና ለቀሚስ የማስገባውን ስስ ገበር ቆርጬ፣ በየአጥንቱ ላይ በእጄ ሰፋሁት፤ ኮላውንም በውሃ አቅጥኜ ቀባሁት። በማግስቱ ሳየው ከበሮ መስሎ ተወጥሯል፣ አጥንቱም ቀጥ ብሏል። ብቻዬን እልል አልኩ፣ ሰው ቢሰማኝ አበደች ይል ነበር።

ትናንት የወላጆች ቀን ነበር። አራቱም በየተራቸው ተሰቅለዋል። ልጆቹ ተዋጊዋ ሥር ተሰበሰቡ፣ ምን ይደረጋል! ወንጂ ሲሠሩ የኖሩት ሽማግሌዎች ግን ከመድኃኒት ረጪዋ ሥር አልንቀሳቀስ አሉ፤ ገና ሳናያት በድምጿ እናውቃት ነበር እየተባባሉ። ርዕሰ መምህሩ ስምህን ከነአባትህ ሲጠሩ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ አንተን ፈለግኩህ፣ ናፈቅከኝ፣ በጣም ናፈቅከኝ። ቀጥለው ባለቤቱ ትነሳልን አሉ። ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ።

እንግዲህ ተስፍሽ፣ በሕይወት እስካለሁ አትረሳም። እነዚህን ማን ሠራቸው ለሚለኝ ሁሉ ያንተን ስም አስቀድማለሁ። የአራተኛዋን ክንፍ ማን ሰፋው ብለው እስኪጠይቁኝ ግን አልጠብቅም።

ያንተው የሺ