ስለ ጥቁሯ መኪናና ስለ አባታችን ርስት

ይድረስ ለወንድምዓለም ለቀነዓ ጉሉማ፣
አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሜ አካም ጅርታ እልሃለሁ። እንደምን ሰነበትክ፣ እንደምን ከርመሃል? ያ የደረት ሳልህ ለቀቀህ ወይስ የአዲስ አበባ ብርድ ጭራሽ አባሰው? ባለቤትህ ዘርፈሽስ ጤናዋ እንዴት ነው? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቴን ማለቷን አልተወችም እንጂ ደኅና ናት። ልጄ ደራርቱም ፊደል ጨርሳ ወደ ንባብ ገብታለች። በሥጋ ደኅና ነን ያልኩህን ግን ልብ በል። ነፍሴ ከተጨነቀች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። እህል ስቀምስ አሸዋ አሸዋ ይለኛል፣ የደጁ መዝጊያ ሲንኳኳ እበረግጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ባሌ ታፋ ራሱ ነው። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ተነሥቶ ወደ አንተ ይመጣል። አሁን ኮቱን ሊቀበል ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዷል፤ እኔም እሱ እስኪመለስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ። ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅር በለኝ። ታፋ ቡና በዓይኑ አይቶ ስንት ፈረሱላ እንደሚወጣው ይነግርሃል እንጂ ፊደል እንደማይለይ ታውቃለህ። ስለዚህ አጠገብህ ተቀምጦ እስቲ ምን አለች፣ አንብብልኝ ማለቱ አይቀርም። በሞቴ ወንድሜ፣ ሰላምታውን ብቻ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለትና ሌላውን በዓይንህ ብቻ እለፈው።

ነገሩ የጀመረው ታፋ ጥቅምት ላይ ወደ ቢላ ከተማ ለለቅሶ የሄደ ጊዜ ነው። በበቅሎ ሄደ፣ መንገድ ላይ ዝናብ መታው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። ከዳሱ በር አጠገብ አስቀመጡት። ወዲያው አንድ ልጅ እግር ነጋዴ፣ ትናንት ከታፋ እጅ ቡና እየተቀበለ ይሸጥ የነበረ፣ በጥቁር መኪና መጣና ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ታፋ ቤት ሲገባ ምግብ አልቀመሰም። ሃያ ዓመት ነግጄ በር ላይ ተቀመጥኩ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አብሬው ተቃጠልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከአፉ የማትጠፋው መርሴዲስ ሆነች። አዲስ፣ ጥቁር፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ሬዲዮ ያላት። የጭነት መኪና ቢሆን እሺ፣ ቡና ይጫንበታል። በዚህችኛዋ ምን ይጫንባታል? ክብሩን ሊጭንባት ነው እንጂ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የአንድ መኪና መሸጫ ወኪል መጣ። ከረባት ያሰረ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ቤታችን ቁጭ ብሎ ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ነው። ዋጋዋ አሥራ ስድስት ሺህ ብር ነው፤ አምስቱን ሺህ አስቀድመህ ትሰጣለህ፣ የቀረውን ከነወለዱ በሁለት ዓመት ትጨርሳለህ፣ ያን ጊዜ መኪናዋ የራስህ ትሆናለች። ሁለተኛው ኪራይ ነው። ሦስት ሺህ ትሰጥና ሦስት ዓመት በየወሩ አነስ ያለ ገንዘብ እየከፈልክ ትነዳታለህ፤ ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ለባለቤቶቹ ትመልሳታለህ። ለሁለቱም ርስት መያዣ ይፈለጋል። ታፋ ሁለተኛውን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ለምን እንደ በራ አንተ ይገባሃል። እኛ መሬት በወለድ አገድ ሲያዝ እያየን ነው ያደግነው። ብር ያበደረው ሰው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለዱ ፈንታ ይበላል፣ ገንዘቡ የተመለሰለት ቀን መሬቱን ለባለቤቱ ይለቃል። አባታችንም የኑኑ ቁምባውን ማሳ አንድ ጊዜ እንዲያ አስይዞ መልሶ አውጥቶት የለ? ታፋም የመኪናዋን ነገር እንዲያ አድርጎ ያዘው። ሦስት ሺዬ እነሱ ዘንድ ትቀመጣለች፣ መኪናዋ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች፣ የመለስኳት ዕለት ብሬን ቆጥሬ እቀበላለሁ አለ። የየወሩስ ክፍያ ብለው፣ እሱ የጎማና የዘይት ነው አለኝ። ወኪሉ ፈገግ እንዳለ ራሱን ነቀነቀ። ምን ብሎ እንደ ነቀነቀ እግዜር ይወቀው።

እኔም አመንኩ። አፈር ልብላልህ ወንድሜ፣ አመንኩና ፈረምኩ። የአባታችን ርስት በአንተና በእኔ ስም ስለ ሆነ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል ብሎ ወኪሉ ወረቀት ሲዘረጋልኝ፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ድርቤ፣ አንዲት መስመር ሳላነብ ፈረምኩ። የባሌ ፊት እንዲያ ሲበራ ካየሁ ዘመን ስለ ሆነኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወኪሉም የእኔን ፊርማ ይዞ ሄደ። የቀረው ያንተ ፊርማና የርስቱ ወረቀት ብቻ ነው። ታፋ የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

ወኪሉ ትቶልን የሄደ የታተመ ወረቀት ነበር። ደራርቱን ንባብ ላለማምድ ብዬ አነሣሁት። ልጅቷ ጣቷን ከቃል ቃል እየጎተተች ታነባለች፣ እኔ ቡና እለቅማለሁ። በኪራይ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የተከፈለ ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት ተመላሽ አይሆንም የሚለው ላይ ስትደርስ ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። ድገሚው አልኳት፣ ደገመችው። ያው ነው።

ወረቀቱን በነጠላዬ ሸሽጌ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ አቶ ዓምደሚካኤል ወሰድኩት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በኪራዩ መንገድ ለዓመት የተወሰነ ኪሎ ሜትር አለ፣ ከዚያ ካለፈ በእያንዳንዱ ይከፈላል፤ ጭረትም፣ ጉድፍም፣ የተቀደደ ወንበርም ይከፈልበታል አሉኝ። ታፋ ወደ አያና ከተማ ለገበያ፣ ወደ ቢላ ለለቅሶ፣ ወደ ኑኑ ቁምባ ለቡና ሲመላለስ ያንን ኪሎ ሜትር ዓመቱ ሳይጋመስ ይጨርሰዋል። ደግሞ ይህን የጻፈው ሰው የእኛን መንገድ ድንጋይ አያውቀው! በግዢው በኩል ደግሞ የሁለት ወር ክፍያ ካለፈ መኪናዋ ትወሰዳለች፤ ተሸጣ ዕዳውን ካልሞላች ርስቱ ይሸጣል። በኪራዩም ቢሆን ካልተከፈለ የሦስት ዓመቱ ኪራይ ከርስቱ ላይ ይጠየቃል። አቶ ዓምደሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁና፣ ልጄ፣ አንደኛው መንገድ ረጅም ነው፣ ግን ቤት ያደርሳል፤ ሁለተኛው አጭር ይመስላል፣ ግን ከተነሣሽበት ይመልስሻል፤ ገደሉ ግን በሁለቱም ላይ አለ አሉኝ። ለምክራቸው ገንዘብ ስሰጣቸው አልቀበልም አሉ። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

የቢላውን ዋቅወያን፣ የአባታችንን ወዳጅ፣ ታስታውሰዋለህ። የጭነት መኪና በየወሩ ክፍያ ወስዶ ነበር። አምና የቡና ዋጋ ሲወድቅበት ሁለት ወር አሳለፈ። ሰዎች መጡና በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ፣ ጆንያውን መሬት ላይ አራግፈው መኪናውን ነድተው ሄዱ። ዋቅወያ ጆንያው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። በየቀኑ ብር የሚያመጣ መኪና ይዞ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛይቱ ምን ልትሆን ነው? ዘንድሮም እኮ የቡና ዋጋ አልተነሣም።

እናታችን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። ባለፈው እሑድ ኑኑ ቁምባ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ያችን የታመመች ጉልበቷን እየጎተተች ከአባታችን መቃብር አጠገብ ካለው ቡና ቀይ ቀዩን ትለቅማለች። ኢልመ ኮ፣ ልጄ ቀነዓ ሲመጣ የሚጠጣው ነው ብላ ለብቻው አስቀምጣልሃለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ በምትኖርባት ጎጆ ላይ እንደ ፈረምኩ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ለታፋስ ለምን አልነገርሽውም ትለኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። ሁለቱን በቅሎዎች ሸጦ ብሩን ካጠራቀመው ጋር በወገቡ አስሯል፤ ለከተማው ሁሉ አውርቷል። አንድ ቀን ገንዘቡ ባይመለስስ ብዬ ብሞክረው፣ እንግዲያው የግዢውን እወስዳለሁ፣ የጎደለውን እበደራለሁ፣ መኪናዋን ሳያት እመርጣለሁ አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። እሷ ፊት ሲቆም የሚመርጠው ዓይኑ ነው፤ ያን ጊዜ የማይፈርምበት ወረቀት አይኖርም። ታፋ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፣ የምፈራው ዱላውን አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ከሰው ፊት ሲያንስ ማየትን ነው የምፈራው። በዚህኛው ደግሞ የማሳንሰው እኔ ልሆን ነው።

ምክንያቱም የሠራሁትን ሥራ ስማ። የርስቱን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለሽ ስጭኝ አለኝ፤ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ግን የስድስተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴ ነው። ወፍራም ነው፣ ማኅተምም አለው። ታፋ ገለጥ አድርጎ ማኅተሙን አየና ጎሽ ብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። እውነተኛውን ደብቄዋለሁ፤ የት እንደ ሆነ ለአንተም አልጽፍም። ያን ጊዜ ብልሃት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ወደ አንተ ሳይመጣ በቀጥታ ወደ መኪና ሻጮቹ ቢሄድስ? በአዲሱ ኮቱ ቆሞ ጥቅሉን ሲዘረጋ፣ ያ ባለ ከረባት በሰው ሁሉ ፊት፣ ድርቤ ጉሉማ፣ በአማርኛ ንባብ እጅግ በጣም ጥሩ፣ ብሎ ሲያነብለት ይታይህ። ኧረ ምን ጉድ ነው የሠራሁት!

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ከቤትህ ብቻውን እንዳይወጣ። አንተም እንዳትፈርም። አቶ ዓምደሚካኤል ያንተ ፊርማ እስካልተጨመረ ድረስ የእኔ ብቻውን ርስቱን አያስይዝም ብለውኛል። አብራችሁ ሂዱና የፈረምኩበትን ወረቀት አስመልሱልኝ። መኪና የግድ ከሆነ በወገቡ ባለው ብር ያገለገለች ትንሽ የጭነት መኪና ፈልጉ፤ ብትጫርም የምትጫረው የራሳችን ናት።

እዚህ ላይ ሳለሁ ታፋ ገባ። ኮቱን ለብሶ ነው የመጣው፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሞበታል። ምን እየጻፍሽ ነው ሲለኝ ሰላምታ አልኩት። ሳቀና እንግዲያው የእኔንም ጨምሪበት አለ። ለቀነዓ እንዲህ በይልኝ አለ፤ መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ የምትቀመጥባት እናታችሁ ናት፤ ከኑኑ ቁምባ አምጥቼ ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ፤ ከእንግዲህ በዚያ ጉልበቷ በእግሯ አትሄድም። ይኸው ጻፍኩለት። ከዚያ ለጎረቤት ኮቱን ሊያሳይ ወጣ። እኔም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ብዙ አለቀስኩ። ከጀርባው የምጽፍበት ሰው ይህ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ወንድሜ፣ በዓይንህ ብቻ እለፈው ያልኩህን ትቻለሁ። እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምርና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንዲትም ሳታስቀር አንብብለት። እኔ ፊቱን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ አንተ አፍ ሁነኝ።

ለዘርፈሽ እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። እናታችን ትመርቅሃለች፤ ለአንተ ያለችውን ቡና ልኬልሃለሁ። ደራርቱ አጎቴ መጽሐፍ ይላክልኝ ብላለች።

አጠገብህ ለተቀመጠው ለባሌ ለታፋም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ታፋ፣ ሰማህ አይደል። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የሸሸግሁብህም እኔ ነኝ። የርስቱ ወረቀት በምትተኛበት ትራስ ውስጥ ተሰፍቷል። መጥተህ ራስህ ብትተረትረው አልከለክልህም፤ ግን መጀመሪያ ና። ጭቃ ለብሰህ በእግርህ ብትመጣም፣ እኔ ቤት በር አጠገብ አትቀመጥም።

እኅትህ ድርቤ ጉሉማ
ነቀምቴ፣ ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.