ስለ አንገትሽ

አሰላ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለብርቄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ማሂ ልጃችን እንዴት ናት? አማቻችንስ? ትንሿ ሶፊ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድድዋ ብቻ ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ እረፍት የለውም። የጓሮው ድንች እስከ ጉልበት ደርሷል፣ አንቺ በሌለሽበት ለሰላምታ እንኳ የሚያቆመኝ እሱ ብቻ ሆኗል።

በየቀኑ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። እንግዲህ ማሂ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጠው። እኔ አንድ ቃል ስተነፍስ አማቻችን ይሰማል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ አንቺ "ቆይማ፣ ቆይማ" ትያለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል። የሚስት አንገት ደግሞ በጉባኤ የሚወራ ነገር አይደለም። ጉቱ ለሱቁ ልብስ ሊያመጣ በዚህ ሳምንት ወደ ኢስታንቡል ስለሚበር፣ ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የዛሬ ሳምንት ደውለሽ ያልሽኝን እስካሁን እያላመጥኩት ነው። ማሂ ከሶፊ ጋር ያነሣችሽን ፎቶ አይተሽ "ይሄ ደግሞ የማን አንገት ነው?" ብለሽ እንዳለቀስሽ ነገርሽኝ። ማሂ በአስተርጓሚነት የምትሠራበት ክሊኒክ የላላ አንገት በቀዶ ሕክምና የሚያነሣ ሐኪም እንዳለ፣ ለግንቦት መጨረሻም ቀጠሮ እንደያዘችልሽ ነገርሽኝ። መጨረሻ ላይ "እሺ ካልከኝ እሠራዋለሁ፣ እምቢ ካልከኝ እተወዋለሁ፣ መልስህን እጠብቃለሁ" ብለሽ ዘጋሽው። የኔ እመቤት፣ ከተጋባን ጀምሮ መቼ ነው እኔን ፈቃድ ጠይቀሽ የምታውቂው? ላሚቱን ስትሸጫት አልጠየቅሽኝም። ደህናውን የአበባ ቦታ ለድንች ስታስቆፍሪው አልጠየቅሽኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰውዬ ስለ አንገት ምን አውቄ ነው ፍርዱን በኔ ላይ የጣልሽው?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደነገጥኩ። አንገትና ቢላዋ አንድ ላይ ሲነሱ እኔ የማውቀው የፋሲካ በግ ነው። የድሮ ረዳቴን ወንድምአገኝን ባማክረው እንደ ሰጎን ያስረዝሟታል አለኝ። እሱን ማማከሬም የኔ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ኦቦ ዲሪባ ቤት ሄድኩ። ልጁን ሶረቲን አልረሳሻትም፣ አጥር እየዘለለች የኛን ኮክ ትጨርስ የነበረችውን። ዛሬ አዳማ ቀዶ ሐኪም ሆናለች፤ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ጉዳዩን ስነግራት ሳትስቅብኝ አስቀመጠችኝና አባቷ የሚላጭበትን መስታወት አስያዘችኝ። ከዚያ ከሁለቱ ጆሮዎቼ ሥር ያለውን ቆዳ ይዛ ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው። ብርቄ ሙች፣ በዚያ መስታወት ውስጥ ከጢቾ ገብስ የሚጭነው ጎረምሳው እንደሻው ብቅ አለ። ዲሪባ በሳቅ እየተንፈራፈረ "ልጄ ልቀቂው፣ ሚስቱ አገር ውስጥ የለችም" ይላታል።

ሥራው እንዲህ ነው አለችኝ። ከጆሮ ሥር ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ፀጉር ወደሚበቅልበት፣ በቀጭኑ ይቀድዳሉ፤ አንዳንዴም ከአገጭ ሥር ትንሽ ይጨምራሉ። የሚስቡት ቆዳውን ብቻ አይደለም። ከሥሩ የላላውን ጡንቻ ሰብስበው ይሰፉታል፣ ስብ ካለ ያወጡታል፣ የተረፈውን ቆዳ ቆርጠው ይጥሉታል። ይሄኔ ገባኝ፤ የጋቢና ወንበር ማለት ነው። ስፖንጁን ሳያስተካክሉ ሸራውን ብቻ ቢወጥሩት በወሩ ተመልሶ ይላላል። ሶረቲም እንዲያ ነው አለችኝ። ግን የሚነካው አንገትሽ ብቻ ነው፣ ፊትሽ እንዳለ ይቆያል። እርጅናን አያቆምም፣ የሃያ ዓመት ልጅም አያደርግም፤ እንዲያ ብሎ ቃል የሚገባ ካለ እንዳታምኚው ብላለች። እብጠቱና ብልዘቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ መልኩ በደንብ የሚለየው ግን ከወራት በኋላ ነው። ጆሮሽ አካባቢ ለጊዜው ቢደነዝዝሽ አትደንግጪ።

አሁን የማሾፍ ነገር ይቅርና አደራዬን ስሚ። ሶረቲ ከሁሉም የምትፈራው ከቆዳው ሥር ደም እንዳይቋጥር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዋናው ጠላት የደም ግፊት ነው። የግፊት ክኒንሽን በመሐረብ ጠቅልለሽ ከሻንጣሽ ሥር እንደያዝሽው አውቃለሁ፤ ሻንጣውን ጉልበቴን አስደግፌ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማሂ እንዳትጨነቅ ብለሽ እንደደበቅሽም አውቃለሁ። ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ለሐኪሙም ንገሪው። ግፊቱ ካልተስተካከለ ቀጠሮው ይተላለፍ፣ አንገት የትም አይሄድም። ክኒኑን ደግሞ በራስሽ እንዳታቆሚው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ትውሰጂው አትውሰጂው የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ራስሽን ባመመሽ ቁጥር የምትውጫት አስፕሪንም ደም ስለምታቀጥን ለሐኪሙ ተናግረሽ እሱ ባለሽ ቀን ታቆሚያታለሽ። እባክሽ ብርቄ፣ "ምንም የለብኝም" የምትዪውን አመልሽን ለአንድ ወር ተይው።

አሁን ደግሞ ወደኔ ጉድ ልምጣ። ማክሰኞ ዕለት ወደዚያው በበረረው በሣህሌ እጅ አንድ ጠርሙስ ጠበልና ነጭ ሽንኩርት በማር ልኬልሽ የለ? ጠርሙሱ ላይም "በኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ" ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ይህን ለሶረቲ በኩራት ስነግራት መስታወቱን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠች።

"ጋሽ እንደሻው፣ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ውሃም ቢሆን ሐኪሙ ከፈቀደው ሰዓት በኋላ አይጠጣም።"

"ውሃ አይደለም እኮ፣ ጠበል ነው" አልኳት።

"ለነፍስ ጠበል ነው፤ ለጨጓራ ግን ውሃ ነው" አለችኝ።

ሰው ተኝቶ እያለ በሆዱ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል አሉ፤ ገዳይ ነገር ነው። እኔን ላብ ያጠመቀኝ ግን ሌላ ነው። ነርሷ መጥታ "የቀመሱት ነገር አለ?" ብትልሽ ምን እንደምትመልሺ አሰብኩ። ዓይንሽን ሳታሺ "ምንም" ነው የምትዪው። ስትዋሺ አይደለም፤ ጠበል ጠጥተን ምንም አልቀመስንም ስንል ነው ሁላችንም ያደግነው። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምለው። በጽሑፌ ልገድልሽ ነበር፣ አንቺዬ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ መድህንን ጠየቅኳቸው። ሐኪሙ እስከፈቀደልሽ ሰዓት ድረስ ባሉት ቀናት ጠጪው፤ በዕለቱ ግን ማሂ ትርጭሽ፣ ጠብታም አትቅመሺ ብለዋል። የሰኔ ጾም ሲገባም ቁስልሽ እስኪደርቅ እንቁላሉንም ወተቱንም እንድትበዪ ፈቅደውልሻል። ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ሶረቲ በብዛት ሲበላ ደም ያቀጥናል ስላለች ለአማቻችን ስጪው፣ እሱን የሚቀድደው የለም። ጠርሙሱ ላይ የጻፍኩትንም ልጠሽ ጣይው።

ሶረቲን መጨረሻ ላይ፣ ተነሥቼ በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ፣ ያፈርኩበትን ነገር ጠየቅኋት። የአንገቷ ንቅሳትስ አልኩ። ቆዳው ሲሳብ መስመሮቹም አብረው ይሳባሉ አለችኝ። ከፊት ያሉት ብዙም አይለወጡም፤ ከጆሮ ሥር ያለው ጫፋቸው ግን ከፍ ይላል፣ ጥቂቱም ከሚጣለው ቆዳ ጋር ሊሄድ ይችላል። ይሄኔ በቀኝ በኩል ያለችው ያቺ ጠማማ መስመር ትዝ አለችኝ። ነቃሿ በመርፌ ስትወጋሽ አንዲት ዶሮ ጭንሽ ላይ ዘላ በሳቅ ስትንቀሳቀሺ የተበላሸችው።

ጢቾ ገበያ ላይ እናትሽ አጠገብ ባቄላ ስትሰፍሪ መጀመሪያ ያየሁት ዓይንሽን አይደለም፣ ያቺን መስመር ነው። "እህት፣ ይቺ መስመርሽ ምነው መንገድ ሳተች?" አልኩሽ። አንቺ ቀና ሳትዪ "አንተ መንገድህን ብትይዝ ምናለበት?" አልሽኝ። ያን ቀን ገብሱን ሳልጭን ነው አሰላ የተመለስኩት፣ አለቃዬ እብድ መሰልኩት።

አንገትሽ ላይ ሻርፕ ቤት ውስጥ ሳይቀር የምትጠመጥሚው ለአሰላ ብርድ ይመስለኝ ነበር። ትናንት አልበሙን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በአንዱ ነጠላ፣ በአንዱ ሻርፕ፣ በሠርጋችን ፎቶ ደግሞ እስከ አገጭሽ ድረስ ቬሎ ነው። አልበሙ ውስጥ አንገትሽ ያለበት አንድም ፎቶ የለም። አጠገቤ ሆነሽ ይህን ያህል ስትሸሸጊው አለማወቄ አሳዘነኝ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ እሺ ብያለሁ። ነገር ግን እኔ እሺ ስላልኩ ብለሽ አታድርጊው፣ ማሂ ቀጠሮ ስለያዘችም አታድርጊው። አንገቱ ያንቺ ነው። ቀኑ ደርሶ ልብሽ ካመነታ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ፤ ሶረቲም ሰው ገፍቶት የተሠራ ሰው አይደሰትበትም ብላለች። ብትሠሪው ደስ ይለኛል፣ ብትተዪውም ደስ ይለኛል። እኔ የምወድሽ በላላውም በተወጠረውም ነው፣ ይህንን በስልክ አማቻችን እየሰማ አልናገርም።

ከሠራሽው ግን ጭንቅላትሽን ከፍ አድርገሽ ትተኛለሽ፣ ከባድ አታነሺም፣ አታጎነብሺም፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽም ሶፊን አታዝዪም። የመጨረሻው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እዚህም ብትመጪ ተዘጋጅቻለሁ። የአልጋችንን ራስጌ በጡብ ከፍ አድርጌ ልሞክረው ብዬ ተኝቼበት ጠዋት ስነሣ ግርጌ ተሰብስቤ ተገኘሁ፤ አንድ ጡብ ቀንሼለታለሁ። ሽሮ መሥራትም ጀምሬያለሁ። ወንድምአገኝ በልቶ አመስግኖ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት አይመጣም። እሱ አንገቷ ካማረማ አሰላ ትጠብባታለች፣ ከልጇ ጋር እዚያው ትቀራለች እያለ ይቀልዳል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ማሂ በስልኩ "እማዬ እስከ መስከረም ትቆይልን" ስትልም ሰምቻለሁ።

የጢቾዋ ማርያም የሐኪሙን እጅ ትምራልሽ። እንደ ገባሽ በሰላም ታውጣሽ። ማሂን ሳሚልኝ፣ ሶፊን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሶረቲ እንደነገረችኝ ሐኪሙ ለምርመራ ስትሄጂ አንገትሽን ያለ ሻርፕ ፎቶ ያነሣዋል፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ከሠራሽው በኋላም ለማነጻጸር መልሶ ያነሣዋል። ከፊተኛው አንድ ቅጂ ተቀብለሽ ጉቱ ሲመለስ ላኪልኝ። በተለይ የቀኙን እንዳትረሺ። ፍሬሙን ገዝቼ ግድግዳው ላይ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ።

የኋለኛውን ግን በማንም እጅ አትላኪ። እሱን ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ።

እስከ ዛሬ መንገዱን ያልያዘው ባልሽ፣
እንደሻው