እስከ ረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት

እሑድ

አባዬ ዛሬም ጠየቀኝ። ከልደታ ማርያም ተመልሶ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጥቶ፣ ገና ጋቢውን ሳያወልቅ፣ «ያቺ ዶክተራችሁ ከጓሮዬ የወሰደችው ቅጠል ምን ወጣው?» አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና ሳልል «አልጨረሱም» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ጨርሰዋል። መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዶክተር ጽጌ የምትባል ተመራማሪ አለች። እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ ስትከታተል ስንት ዓመቷ። ሦስት ጊዜ ወሊሶ አጠገብ ካለው የአባዬ ጓሮ ሄዳ ናሙና ወስዳለች። ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ቆጮ በአይብ ያበላት እሱ ነው። አሁን ጽሑፏ ትልቅ የውጭ አገር መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀድሜ አውቃለሁ። ግን ኢምባርጎ የሚሉት ነገር አለ። ጋዜጠኞች ጽሑፉን ቀድመው ያገኙታል፣ አንብበው ይዘጋጃሉ፤ እስከ ረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ያለ እንደሆነ ጽሑፉን እስከ ማስቀረት እንደርሳለን ብለው ጽፈውልናል። እኔም ፈርሜያለሁ።

አባዬ የመጣው የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ነበር። ተሳክቶለት ማክሰኞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ረቡዕ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው እንሰቱን በሙሉ ሊነቅሉለት ተስማምቷል። በሽታው አስመርሮት፣ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት። ረቡዕ ጠዋት! ምናለ ሐሙስ ቢያደርገው? «ትንሽ ቆይ» ብለው «ለምን?» ይለኛል። ለእሱ መንገር ደግሞ ለአገር ምድሩ መንገር ነው። ጽጌን እንደ ልጁ ነው የሚኮራባት፣ አፉን አይችልም።

ሰኞ

ደክሞኛል። ዛሬ ያደረግኩት፦
ለስድስት ጋዜጠኞች ደወልኩ። «ረቡዕ፣ አንድ ሰዓት» እያልኩ አንድ በአንድ አስደገምኳቸው። አንዱ «እህቴ፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አለኝ። ተባረክ አልኩት፣ ሌሎቹም ይህን ቢጠይቁ እንዴት ባረፍኩ። መልሼ አምስቱ ጋ ደወልኩ።
ምሳ አልበላሁም።
ከኃላፊያችን ጋር ስለ ባነር ተጨቃጨቅኩ።

እኚህ ሰውዬ ባነር የማያሰቅሉለት ነገር የለም። የውሃ ታንከር ሲገዛ እንኳ አሰቅለዋል፣ ከነፎቷቸው። «ጌታዬ፣ ከረቡዕ በፊት አይሆንም» አልኳቸው። «ባነር እኮ ዜና አይደለም፤ ደስታ መግለጫ ነው» አሉኝ። አስረዳሁ፣ ደብዳቤውን አሳየሁ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ «እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብለው ስልካቸውን አነሱ። ልቤ አላረፈም።

ጽጌን ኮሪደር ላይ አግኝቻት የአባዬን ነገር ነገርኳት። «ሊነቅለው ነው? ሁሉንም?» አለችና ግድግዳውን ተደገፈች። ቆይታ «ንገሪው አልልሽም፣ አትንገሪው ለማለትም አፍ የለኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንዱን ብትለኝ ብዬ ነበር።

አባዬ መስኮቱ ጋ ቆሞ ማዶ ያለውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነብ አመሸ። «ፋርማሲ። ልብስ ስፌት። የሚከራይ ሱቅ።» ደስታው ልክ የለውም። እኔ ሳህን አጥባለሁ እያልኩ ጀርባዬን ሰጥቼው አለቀስኩ። የሰውዬው እንሰት ነው፣ የሰውዬው ቅጠል ነው፣ የማያውቀው እሱ ብቻ!

ማክሰኞ

እንዲህ ያለ ቀን አያምጣ።

አባዬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። ታክሲ ድረስ ሸኘሁት። ግንባሬን ስሞ «በቃ፣ ነገ ይነቀላል። የደከምኩበት ነገር ነው፣ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን ምን ላድርግ» አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደርሶ ነበር። «በሰላም ግባ» ብቻ አልኩት።

ቤት ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። ታክሲው በመሥሪያ ቤታችን በር ነው የሚያልፈው።

«ብርቄ፣ በራችሁ ላይ ትልቅ ነገር ተሰቅሏል።» ከዚያ እንደ ትናንቱ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «እንኳን ደስ አለን! የእንሰት አጠውልግ በሽታ መፍትሔ በተቋማችን ተገኘ!» «አልጨረሱም አላልሽኝም?» አለ። «አባዬ፣ ስማኝ...» ዘጋው።

በቤት ነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ባነሩን ትናንት ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው ያሰቀሉት። የኃላፊያችን ፊት በር ያክላል፤ የጽጌ ፎቶ ጥግ ላይ፣ በጉርድ ፎቶ መጠን። ጥበቃው ገመዱን በቢላዋ ቆረጠልኝ። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ አላፊ አግዳሚ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል።

ጽጌ ስትደርስ ባነሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። አንድ ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። «መፍትሔ? እኔ መቼ መፍትሔ አልኩ?» ኃላፊያችን ሲመጡ ያው የትናንቱን ደገሙት፣ ባነር ዜና አይደለም። መልስ መስጠት እንኳ ደከመኝ።

ሳይደረስብን ራሳችን እንናገር ተባባልንና ለመጽሔቱ ሁለታችን ሆነን ጻፍን። ለአባዬ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም።

ረቡዕ

ጠዋት መልስ የለም። ጽጌ ቢሮዬ መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ብቻ ታያለች። ሻይ አመጣሁላት፣ ቀዘቀዘ። የአባዬ ስልክ ተዘግቷል። አሁን ሠራተኞቹ መጥተው ይሆናል እያልኩ ሰዓት እቆጥራለሁ። ሦስት ሰዓት። አራት ሰዓት። አንድ ትልቅ እንሰት ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልስ መጣ። አይተነዋል፣ ጋዜጠኞች ቃላቸውን ስለጠበቁ ጽሑፉ በሰዓቱ ይወጣል፤ የተቋማችሁን ጉዳይ ግን ገና እንነጋገርበታለን ይላል። ጽጌ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ስለ ተቋሙ ነገ እንጨነቃለን።

አንድ ሰዓት ሲሆን ወጣ። ሬዲዮውም አወራ። ባነሩ ተመልሶ ተሰቅሏል።

አባዬ ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። «ነቀልከው?»

«ሠራተኞቹን መለስኳቸው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ።

«ባነሩን አምኜ ነው» አለኝ። «አንቺንማ አምኜ ቢሆን ይሄኔ ባዶ መሬት ነበር።»

ይገባኛል። ፊርማውን፣ ደብዳቤውን፣ የጽጌን ልፋት ልዘረዝርለት ነበር፣ ተውኩት። ቀጥዬ መንገር ያለብኝ ነገር ነበረኝ፣ እሱም ከበደኝ። «አባዬ፣ ባነሩ አጋኗል። መድኃኒት አልተገኘም። የታመመውን ካልታመመው ቀድሞ መለየት የሚቻልበት መንገድ ነው የተገኘው፣ ሁሉም እንዳይነቀል። ጽጌ ራሷ መጥታ የትኛው እንደሚቆይ ታሳይሃለች።»

ከበስተጀርባው ከብት ሲገባ ይሰማኛል።

«ይሄስ እርግጥ ነው?» አለ። «ወይስ አሁንም አልጨረሱም?»

«መለየቱ እርግጥ ነው። መድኃኒቱን አልጨረሱም፣ አባዬ» አልኩት። «አሁን ግን እውነቴን ነው።»

የሳቀ መሰለኝ። ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።