ቅዳሜ ብቻ

ሲግሪድ እህቴ፣

ለምርመራ ደም የምሰጠው በባዶ ሆድ ስለሆነ ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። የደጁን በረዶ ጠርጌዋለሁ። ድመቷም በልታለች፤ ብትለማመጥሽ እንዳታምኛት።

ነርሷ ትናንት ደውላ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ምርመራው ይደገም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ።

እማዬ እንዳስለመደችን ከረሜላ የምበላው ቅዳሜ ብቻ ነው እያልኩ ስኮራ፣ በየቀኑ ሥራ ቦታ ከቡና ጋር የምውጠውን በስኳር የተለወሰ የቀረፋ ዳቦ ከምንም አልቆጠርኩትም። እማዬም እንደዚሁ ነበረች፤ በስኳር በሽታ እግሯ እስኪቆረጥ ድረስ።

የነገውን ከረሜላዬን ለጎረቤት ልጆች ስጪልኝ።

ትናንት «ተነስ፣ ትንሽ እንራመድ» ስትዪኝ «አንቺ ደግሞ እናቴ አትሁኚብኝ» ያልኩሽ…

ተዪው።

ስመለስ ውጤቱን አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ «ተነስ» በዪኝ። እነሳለሁ።

ኡልፍ